ፈረስ በአዳማ፦ ከግንቦት እስከ ሚያዝያ የቤተሰብ ፈረስ አያያዝ

በአዳማና በዙሪያዋ ፈረስ የሚያድርበት ግቢ ብዙ ነው። አንዱ ቤት ሁለት የጋሪ ፈረስ አለው፣ ሌላው ባዝራ ከነውርንጭላዋ ጓሮ አስሮ ያረባል፣ ከከተማው ወጣ ሲባል ደግሞ አምስትና ስድስት ፈረስ ያለው ገበሬ አይጠፋም። ባጃጅ አስፋልቱን ከያዘ ወዲህ ጋሪ ወደ ኮረኮንቹና ወደ ገበያ ጭነት ተገፋ እንጂ አልጠፋም። የምጽፈው ለእነዚህ ቤቶች ነው።

የቀረው ሁሉ የሚወጣው ከአንድ ነገር ነው፦ ፈረሱ የሚታመመው በአንዱ ወቅት ቢሆንም ሥራው የሚሠራው ከዚያ በፊት ባለው ወቅት ነው። ጥቅምት ላይ ለሚገድለው በሽታ የሚከተበው ግንቦት ላይ ነው። መጋቢት ላይ የጎድን አጥንቱ እንዳይቆጠር የሚያደርገው ድርቆሽ የሚታጨደው በመስከረም መጨረሻ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ከእንቁጣጣሽ ሳይሆን ከግንቦት እጀምራለሁ።

ግንቦት፦ ዝናቡ ሳይገባ

መጀመሪያ ፈረሱን ለኩት። ሚዛን ያለው ቤት ስለሌለ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሜትሩን ከፊት እግሮቹ ጀርባ በደረቱ ዙሪያ አዙሩና በሴንቲሜትር ጻፉት። ከዚያ ርዝመቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙ፣ ለ11,880 አካፍሉ። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 135 የሆነ ፈረስ 239 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል። ይህን ቁጥር ግድግዳ ላይም ቢሆን ጻፉት፤ የትል መድኃኒቱም መኖውም የሚሰፈረው በእሱ ነው። በዓይን ግምት የተሰጠ የትል መድኃኒት ብዙ ጊዜ ያንሳል፣ ያነሰ መድኃኒት ደግሞ ትሉን ያለማምደዋል።

ቀጥሎ ክትባት። ዋናው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። የሚያስተላልፈው ከወባ ትንኝም በጣም የሚያንስ፣ ዝናብ ሲያባራ የሚፈላ ትንኝ ነው። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ችግሩ ማግኘቱ ሳይሆን ጊዜውን መጠበቁ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ፈረስ ስለሚሆንና አንዴ ከተበጠበጠ ስለማይቆይ፣ ሐኪም ለአንድ ፈረስ ብሎ መክፈት ያሳሳዋል። መፍትሔው የሰፈሩን ባለፈረስ ሰብስቦ ቀን መቁረጥ ነው። በዕድርም ሆነ በጋሪ ማኅበር በኩል የተጠራ ሰው አይቀርም። የተከተበ ፈረስ ሁለት ሳምንት ከባድ ጭነት አይጎትት፤ መከላከያው በደንብ እስኪይዝም ሦስትና አራት ሳምንት ይፈልጋል። ግንቦት የምለው ለዚህ ነው። ያረገዘች ባዝራ ካለቻችሁ ከመርፌው በፊት ለሐኪሙ ንገሩት፤ ክትባቱ ውስጥ ያለው ቫይረስ የተዳከመ እንጂ ያልሞተ ስለሆነ መቼ እንደሚሰጣት የሚወስነው እሱ ነው። በዚያው ቀን ስለ መንጋጋ ቆልፍና ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ጠይቁት።

የትል መድኃኒት በሰኔ መግቢያ አንዴ፣ ዝናቡ ሲወጣ ጥቅምት ላይ ደግሞ አንዴ። ለከብት በመርፌ የሚሰጠውን አይቨርሜክቲን ፈረስ ላይ አትውጉ፤ በአፍ የሚሰጠውን ለፈረስ የተዘጋጀ ጠይቁ። የመድኃኒት ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁም ያው አይደለም።

ከዚያ ጋጣው። ቆርቆሮው የሚያፈሰውን ቀዳዳ አሁን ድፈኑ፣ ወለሉን በጎን በኩል ትንሽ ዘቅዝቁና ቀይ አሽ አንድ ስንዝር ያህል አፍስሱበት። አዳማ ቀይ አሽ ከየትም ይገኛል፣ ውኃ ያሳልፋል፣ ጭቃ አይሆንም። ሲሚንቶ ወለል ያማረ ይመስላል እንጂ ሽንቱ ላዩ ይቆማል፣ ፈረሱም ሲነሳ ይንሸራተታል። ሲሚንቶ የሚያስፈልገው ግርግሙ ሥር ብቻ ነው፤ የወደቀ መኖ ከአፈር ጋር እንዳይበላ። የዋጠው አፈርና አሸዋ አንጀቱ ውስጥ ይጠራቀምና ቁርጠት ያመጣል።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ፦ ሰኮና

የክረምት ሥራ ባጭሩ ሰኮና ነው። ፈረስ ቀን ጭቃ ሲረግጥ ውሎ ሌሊት ፋንድያው ላይ ቆሞ ካደረ፣ በሳምንታት ውስጥ የሰኮናው ሥር ጠቁሮ መሽተት ይጀምራል።

በየማታው፣ ጋሪው እንደተፈታ፣ አራቱም እግር ይነሳ። ለማጽጃ ከፌሮ የታጠፈ መንጠቆ ይበቃል፤ ጫፉን ግን በሞረድ አደንዝዙት። ከተረከዝ ወደ ጣት ጥረጉ እንጂ ወደ ኋላ አትሳቡ። መሃል ላይ ያለችውን ባለሦስት ማዕዘን ለስላሳ ሥጋ ግራና ቀኝ የሚያዋስኑት ሁለት ቦዮች አሉ፤ ጠጠሩም ሽታውም የሚደበቀው እዚያ ነው። መንጠቆውን ካወጣችሁ በኋላ አሽትቱት። ጤነኛ ሰኮና አፈር አፈር ይላል። የበሰበሰው ሽታው ሌላ ነው፣ አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም፤ ጥቁር ቅባት የመሰለ ነገርም ከመንጠቆው ጋር ይወጣል። እሱን በጨው ውኃ አጥባችሁ፣ በጨርቅ አድርቃችሁ፣ ቲንክቸር አዮዲን ቀቡት። ሳታደርቁ ብትቀቡ መድኃኒቱን በውኃ አቀጠናችሁት ማለት ነው። ሐኪም የሚጠራው ፈረሱ ካነከሰ ወይም ሰኮናው በእጅ ሲዳሰስ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ነው።

መሞረድና ማስተካከል ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ አንዴ ነው። ጫማ የሚመታለት ፈረስ ጫማው ባይላላም በዚሁ ቀጠሮ ይነሳለት፤ ሰኮናው ከሥር እያደገ ስለሆነ የቆየ ጫማ አረማመዱን ያጣምማል።

የክረምት ሣር ሌላው ጣጣ ነው። በጋውን ጭድ ሲበላ የከረመ ፈረስ ሐምሌ ላይ ድንገት ለምለም ሰርዶ ላይ ቀኑን ሙሉ ከተለቀቀ ሆዱ ይነፋል። ፈረስ ደግሞ ማስመለስ አይችልም፤ የገባው መውጫው አንድ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ እየጨመራችሁ በሳምንት ከምናምን ሙሉ ቀን አድርሱት። ማንኛውም የመኖ ለውጥ እንዲሁ ነው፣ ገብስም ፉርሽካም ቢሆን።

ስለ መርዛማ ተክል ካነሳን፣ ጉሎ ከግቢያችሁ ይነቀል፤ ፍሬው ለፈረስ ገዳይ ነው። የወፍ ቆሎ አጥርም ፈረስ ከሚደርስበት ቦታ ይራቅ። ሰው የሚስተው ግን ሉሲኒያን ነው። ለፍየልና ለከብት ጥሩ መኖ ተብሎ በየአጥሩ ተተክሏል፣ ልጆችም ቆርጠው ለፈረሱ ይሰጡታል። ፈረስ ሲዘወትርለት ጋማውና ጭራው ይረግፋል፣ ሰኮናውም ይበላሻል። ጋማው ሲሳሳ ያየ ባለቤት ቡዳ ነው ከማለቱ በፊት አጥሩን ቢያይ ይሻለዋል።

መስከረምና ጥቅምት፦ ትንኝ፣ ድርቆሽ፣ ውርንጭላ

ሥራ የሚደራረብበት ጊዜ ይህ ነው። ቤተሰብ ሥራ ካልተከፋፈለ አንዱ ይቀራል፣ የሚቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ድርቆሹ ነው።

ትንኙ የሚወጣው ከማታ አስራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ጀምሮ እስከ ንጋት ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈረሱ ቤት ይግባ። ፋንድያው በየቀኑ ወጥቶ ከጋጣው ርቆ ይከመር፣ የተጠራቀመ ውኃና እርጥብ ጭቃ በአፈር ይሞላ። መስኮቱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ መጋረጃ ስቀሉ፤ በደጃፉ ጭስ ማጨስም ይረዳል፣ ጋጣው ግን ጭድ የሞላበት መሆኑን አትርሱ።

ጠዋት ጠዋት ፈረሱን ስትፈቱ አውራ ጣታችሁን ከዓይኑ በላይ ካለችው ጎድጓዳ ላይ አሳርፉ። ጤነኛ ፈረስ ላይ ጣት ጠለቅ ይላል፤ ፈረሱ ሲያኝክ ሥፍራዋ ከፍ ዝቅ ስትል ይሰማችኋል። በአፍሪካ የፈረስ በሽታ የተያዘ ፈረስ ላይ ያቺ ጎድጓዳ ሞልታ፣ አልፎም አብጣ ታገኟታላችሁ። ትኩሳቱ ከ38.5 ካለፈ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ ጊዜ የለም፤ ያኔውኑ ሐኪም ጥሩ፣ ፈረሱንም አታንቀሳቅሱት። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ዕረፍትና እንክብካቤ ብቻ ነው። አህያ ይህን በሽታ በአብዛኛው ይቋቋመዋል፣ ስለዚህ ጎን ለጎን የታሰረችው አህያ ደህና መሆኗ ማረጋገጫ አይሆንም።

አሁን ድርቆሽ። ሒሳቡን አስቀድሙ። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን የክብደቱን መቶኛ ሁለት ያህል፣ ማለትም 5 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ከኅዳር እስከ ሰኔ ስምንት ወር ነው፣ 240 ቀን፤ 12 ኩንታል መሆኑ ነው ለአንድ ፈረስ። ግማሹን በጭድና በሌላ ብትሸፍኑት እንኳ 6 ኩንታል ጥሩ ድርቆሽ ያስፈልጋል። አጨዳው እንዲህ ነው፦

1. ሣሩ አበባ ሲያወጣ እጨዱ። ዘሩ እስኪበስልና አገዳው ቢጫ እስኪሆን የጠበቀ ሰው የሚያጭደው ብዛት እንጂ ምግብ አይደለም።
2. ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ጀምሩ፣ በስሱ በትኑት፣ ቀትር ላይ ገልብጡት።
3. አዳማ ጥቅምት ላይ ፀሐዩም ነፋሱም ስለሚያግዝ በሁለትና በሦስት ቀን ይደርቃል። አንድ እፍኝ ይዛችሁ እንደ ገመድ ጠምዝዙት። እጃችሁን ካረጠበ ወይም ሳይሰበር ከታጠፈ ገና ነው፤ ተሰባብሮ ዱቄት ከሆነ ደግሞ ቅጠሉ ረግፏል፣ አልፏል። ደርቆ ግን አረንጓዴነቱን ያልለቀቀው ነው የሚፈለገው።
4. ከምሩ፣ በብሎኬትና በእንጨት ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ላዩን ሸራ አልብሳችሁ፣ ጎኑን ክፍት ትታችሁ።
5. በሳምንቱ እጃችሁን መሃሉ ድረስ አስገቡ። ከሞቀ አፍርሳችሁ በትኑት። የሻገተ ድርቆሽ ለፈረስ ሳልና ቁርጠት ነው፤ ከብቱ ቢበላውም ፈረሱ አይብላው።

ውርንጭላ የምትጠብቁ ከሆነ፣ ባዝራ የምታረግዘው አስራ አንድ ወር ገደማ ነው። ጥቅምት ላይ ድንጉላ ያገኘች መስከረም ላይ ትወልዳለች፣ ለምለሙ ሳር ላይ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀኑ ርዝመት ብዙም አይለዋወጥም፣ ባዝራም በየትኛውም ወር ልትፈልግ ትችላለች፤ ድንጉላው ዓመቱን ሙሉ አብሯት ከዋለ በየካቲት ሐሩር የሚወለድ ውርንጭላ ይመጣል። ስለዚህ ለዩአቸው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ጋሪ አትጎትት።

የምጡን ሌሊት ከሩቅ ሆናችሁ ጠብቁ፤ ሰው ሲበዛባት ምጧን ታዘገያለች። ውርንጭላው በአንድ ሰዓት ውስጥ መቆም፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጥባት፣ የእንግዴ ልጁ በሦስት ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ካለፈ ሐኪም ነው፣ «እስኪነጋ» አይባልም። የእንግዴ ልጁን ጎትታችሁ አታውጡ። እንገሩ ላይ ደግሞ አትጫወቱ። እናቲቱ የተከተበች ከሆነች መከላከያው ወደ ውርንጭላው የሚተላለፈው በእንገሩ ነው፤ ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ አንጀቱ ያንን መቀበል ያቆማል። እምብርቱን አዮዲን ውስጥ ንከሩት።

ከኅዳር እስከ የካቲት፦ ጭድና ቁስል

ጭድ የሚገዛው አውድማ ላይ ነው። የቦሰትና የሉሜ ጤፍ ሲወቃ ዋጋው ወለል ላይ ነው፣ መጋቢት ላይ ግን የሻጩ ነው። የጤፍ ጭድ ከስንዴው ይለሰልሳል፣ ፈረስም ይወደዋል፤ ብቻውን ግን አያቆየውም። ፉርሽካ ወይም የኑግ ፋጉሎ ጥቂት ጨምሩበት፣ ለሚሠራ ፈረስ ደግሞ ገብስ፤ እህሉ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ አይብለጥ፣ የበለጠ ካስፈለገ ለሦስት ከፍላችሁ ስጡት። የነፋስ ተርባይኖቹ ከከተማዋ አፋፍ ላይ የቆሙት ያለምክንያት አይደለም፤ አቧራው ከጭዱ ጋር ተደምሮ ፈረስ ያስላል። ከመስጠታችሁ በፊት ውኃ አርከፍክፉበት።

በወንጂ በኩል ያላችሁ የሸንኮራ አገዳ ጫፍ ታገኛላችሁ። ፋብሪካው የሚፈጨው በበጋው ስለሆነ ጫፉ የሚገኘው ልክ ሣር በሌለበት ወቅት ነው፣ እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ አይናቅም። ከትፋችሁ፣ በዕለቱ ስጡት፤ ተከምሮ የሞቀውን አትስጡ።

ሦስት ነገር ግርግሙ ውስጥ አይግባ። የሻገተ በቆሎ የፈረስን አንጎል የሚያበላሽ መርዝ ይይዛል። የዶሮ መኖ ውስጥ የሚጨመር ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለዶሮ ይበጃል፣ የፈረስን ልብ ግን ያቆማል። በዩሪያ የተዘጋጀ ገለባ ደግሞ ለከብት የታሰበ ነው።

የጋሪ ሥራ የሚበዛው በዚሁ ወቅት ነው፣ ከገና እስከ ጥምቀት በተለይ። ስለዚህ ቁስሉም። ቁስል የሚያወጣው ጭነቱ ሳይሆን የጋሪው ዕቃ ነው፦ የናይለን ገመድና የማዳበሪያ ክር ቆዳውን እንደ መጋዝ ይበላዋል። ጠፍር ከሌለ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ከሰልባጅ ጥጥ ልብስ ወፈር ያለ ሽፋን ሰፍታችሁ ደረቱና ጀርባው ላይ አልብሱ፣ በሳምንት ሁለቴ እጠቡት። ላብ ደርቆበት የጠነከረ ጨርቅ ራሱ ያቆስላል።

ቁስል ለምን ያስፈራል ካላችሁ፣ በጋሪ ፈረስ ዘንድ የተለመደ አንድ የፈንገስ በሽታ አለ። በቁስል ይገባል፣ ከዚያ በእግሩ ወይም በደረቱ ላይ እንደ ተሰካ መቁጠሪያ በመስመር የተደረደሩ እባጮች ያወጣል፣ እነሱም እየፈረጡ መግል ያፈሳሉ። በጊዜ ከተያዘ ይታከማል፤ ሰውነቱን ካዳረሰ ግን ተስፋው ትንሽ ነው። የታመመውን ለዩት። ብሩሹን፣ ሽፋኑን፣ ልጓሙን ለጤነኛው አትጠቀሙ፣ የጠረጋችሁበትን ጨርቅ አቃጥሉ። ዝንብም ስለሚያዛምተው ትንሿን ጭረት ሳትቀር አጥባችሁ አዮዲን ቀቡ። ጋሪ ለጎረቤት ማዋስ ችግር የለውም፤ የፈረሱን ዕቃ ማዋስ ግን ይቅር።

ማኮላሸት የምትፈልጉት ድንጉላ ካለ ታኅሣሥና ጥር ጥሩ ጊዜ ነው፣ ዝንቡም ጭቃውም ቀለል ይላል። በሐኪም፣ በማደንዘዣ፣ ከመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ጋር ይሁን።

መጋቢትና ሚያዝያ፦ ሙቀትና ውኃ

የሚሠራ ፈረስ በሙቀት ቀን 40 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል፣ የምታጠባ ባዝራም እንደዚያው። ሦስት ፈረስ ካላችሁ 200 ሊትር በርሜል ሁለት ቀን አይሞላም፤ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ሁለት በርሜል ያዙ። ላቡ እስኪደርቅ ውኃ መከልከል የቆየ ልማድ ነው፣ እኔ ግን አልደግፈውም፤ የሚጎዳው ጥማቱ ነው። ትንሽ አጠጡት፣ አንሸራሽሩት፣ ደግሞ አጠጡት። የአንገቱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ ውኃ አንሶታል። ጨው በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ወይም አሞሌ ግርግሙ አጠገብ ይሰቀልለት። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጋሪ ባይወጣ ይመረጣል።

የጉድጓድ ውኃ የምትጠቀሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ነን፣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ ወንጂ ያደገ ሰው ጥርስ ምስክር ነው። የፈረስም ጥርስ በሚሠራበት ጊዜ እንዲሁ ይበላሻል። ቋሚ ጥርሱ ተሟልቶ የሚያልቀው በአምስት ዓመቱ ስለሆነ፣ እስከዚያ ለውርንጭላውና ለወጣቱ የቧንቧ ወይም ከቆርቆሮ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ለዩለት፤ ያደገው የጉድጓዱን ይጠጣ።

አዲስ ፈረስ ስትገዙ

ጥሩ ፈረስ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ከአርሲ ነው። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ በቆጂ ከዚያም ትበልጣለች፤ አዳማ ግን ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ላይ ናት። ደጋ ያደገ ፈረስ በማግስቱ ጋሪ ላይ ከታሰረ በሙቀቱ ይወድቃል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ጠዋትና ማታ ብቻ እያሠራችሁ አለማምዱት። ከቤታችሁ ፈረሶችም በእነዚያው ሳምንታት ለይታችሁ እሰሩት፤ የጉሮሮ እባጭ ወይም ከላይ ያልኳችሁ ዓይነት ቁስል ካለበት ያኔ ይታያል።

ገበያው ላይ ጥርሱን ከማየታችሁ በፊት አራቱን እግር አንሱ፣ ከዚያ ጠንካራ መሬት ላይ ሶምሶማ አስሩጡት፤ ሲያነክስ ጭንቅላቱን የሚያነሳው የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ነው። ደረቱንና የእግሮቹን ውስጠኛ ጎን በእጃችሁ ዳስሱ። ሻጩ ኮርቻውን አላወርድም ካለ ፈረሱን ለእሱው ተዉለት። ለመግዛት የምመርጠው ወር ኅዳር ነው፦ የትንኙ ጊዜ እያለፈ ነው፣ ጭዱ ርካሽ ነው፣ ቀጣዩ ክትባት እስኪደርስም ስድስት ወር አላችሁ። ነሐሴና መስከረም ላይ ያልተከተበ የደጋ ፈረስ ወደ አዳማ ማውረድ ግን፣ በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁ እንኳ፣ አታድርጉት።